ዘጠነኛው ቱቦ

መስከረም 18

ለእህቴ ልጅ፣ ለኔዋ ጮሌ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ደህና ነው። ግራው ብቻ ጠዋት ጠዋት ያጉረመርማል፤ እሱም እንደ ኃላፊያችን አጉረምርሞ አጉረምርሞ ሲደክመው ይተዋል። ደብዳቤሽ ከነካርታው ደርሶኛል። የፖስታ ቤቷ ልጅ «ሜትር! ያ ባለ ቀለሙ ወረቀትሽ መጣልሽ!» እያለች ከሩቅ ስታውለበልበው መንገደኛው ሁሉ ዞር አለ። አሥራ ሁለት ዓመት የሰፈሩን መሬት ስለካ ስሜ ሜትር ሆኖ ቀረ። እውነተኛ ስሜን የሚያውቀው መታወቂያዬ ብቻ ነው፤ እሱም መሳቢያ ውስጥ ነው።

አዲሷ የሥራ ባልደረባሽ እንዲገባት «ከሥር ጀምረሽ ጻፊልኝ» ስላልሽኝ እንግዲህ ታንብበው። ከመንገዳችን ሥር ጨው አለ። ፋብሪካው ያንን ጨው በውኃ እያሟሟ መምጠጥ ከጀመረ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ እኛ ደግሞ ከላይ ቤት ሠርተን፣ ወልደን፣ ተጣልተን ታርቀን እንኖራለን። መሬቱ ምን ያህል እንደሚወርድ ለማወቅ ማዘጋጃ ቤቱ ከመንገዱ ግራና ቀኝ አሥራ ሁለት የብረት ችካል ተክሏል። በየችካሉ ላይ የመስታወት ቱቦ አለ፤ ሁሉንም ከምድር በታች አንድ የውኃ ጎማ ኮረብታው ላይ ካለው ገንዳ ጋር ያገናኛቸዋል። መሬቱ ዝቅ ሲል በቱቦው ውስጥ ያለው ውኃ ከፍ ይላል። እኔ ጎንበስ ብዬ ሚሊሜትሩን አነብባለሁ፣ መዝገብ ላይ እጽፋለሁ፣ በየወሩ እልክልሻለሁ። አንቺ ኮምፒውተርሽ ውስጥ ላለው ሞዴልሽ ታጎርሺዋለሽ። ሞዴልሽ ደግሞ በሚቀጥለው ወር እያንዳንዱ ቱቦ ስንት እንደሚያሳይ አስቀድሞ ይነግረናል። በቃ፣ ይኸው ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የቆመች ሴት ከዚህ በላይ ብታወራ ትቀባጥራለች።

ግን ደስታዬን የት ላድርገው? ለስምንተኛው «ሦስት መቶ አርባ ሁለት» ብለሽ ነበር። ጎንበስ ብዬ ባየው፣ ሦስት መቶ አርባ ሁለት! ፊት ለፊት ያለውን ጫማ ሰፊ ጎትቼ አምጥቼ አሳየሁት። አየና አየና «ይቺ ልጅ መሬት ውስጥ ዘመድ አላት እንዴ?» አለኝ።

የሚመጣውን ሁለት መቶ ዓመት የሚያሳየውን ካርታሽን አልጋዬ ራስጌ ሰቅዬዋለሁ። መስመሮቹ እንዴት ያምራሉ! መጀመሪያ እንደ ተጨማደደ ልብስ ናቸው፤ ዓመቱ በሄደ ቁጥር እየተለሳለሱ፣ እየረጉ፣ በመጨረሻ ሁሉም ተኝተዋል። አንዲት ቋጠሮ ብቻ አልፈታ ብላለች። በሁለት መቶኛው ዓመት ሰፈሩ በሙሉ ሦስት ሰው ቁመት ወርዶ፣ የእናትሽ ቤት ብቻ ባለችበት ቆማለች። ሳቄን አልቻልኩትም። እህቴ ድሮም ከሰው ከፍ ማለት ትወዳለች።

ስለ እሷ ለጠየቅሽኝ፣ ደህና ናት። በየቀኑ አያታለሁ። ቀሪውን ሌላ ቀን እጽፍልሻለሁ፤ አሁን ሦስተኛው ቱቦ ላይ ቀንድ አውጣ ወጥቶበታል ብለውኝ ልሮጥ ነው።

የምትወድሽ አክስትሽ


ኅዳር 6

ጮሌዬ፤

ባለፈው ስለ ዘጠነኛው ቱቦ የጠየቅሽኝን አንብቤ ትንሽ ከፋኝ፤ ወዲያው ደግሞ ተወኝ፤ እኔ እንደሆንኩ ቂም አይበረክትልኝም። የዘጠነኛው ቁጥር የኔ ነው፤ በገዛ እጄ፣ በገዛ እስክሪብቶዬ የጻፍኩት ነው። ሌላ ምን ልበልሽ?

ይልቅ የሰፈሩን ወሬ ልንገርሽ። ካርታሽ ማዘጋጃ ቤት ደርሶ ጉድ አፍልቷል። ስብሰባ ተቀመጡና የመንገዳችን ሰው በሙሉ እስከ መጋቢት ድረስ ወንዙ ማዶ ወዳሉት ቤቶች እንዲዛወር ወሰኑ፤ ከአንድ ቤት በቀር። የትኛው እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ኃላፊው ጣቱን ቋጠሮዋ ላይ አድርጎ «እዚህ ዓለት ነው፤ ሳይንስ ነው፤ ወይዘሮዋ ባሉበት ይቆዩ» አለ። እናትሽ ካርታውን መስታወት አልብሳ ሳሎን ሰቅላዋለች አሉ። ጫማ ሰፊውን «ልጄ ከባሕር ማዶ ሆና ቤቴን አጽንታልኛለች» ብላዋለች። እሱ ነው የነገረኝ።

ሰፈሩ ግን፣ እንዴት ልበልሽ፣ ጠባዩ ተለውጧል። ጫማ ሰፊው የክሩን ጥቅል ጠረጴዛ ላይ ባስቀመጠ ቁጥር ተንከባሎ ይወርድና መንገዱን አቋርጦ የእናትሽ በር ሥር ሄዶ ይቆማል። በቀን አራት አምስት ጊዜ ይከተለዋል። «ክሬ እንኳ ዓለቱን ወደደው» እያለ ይስቃል። የአሥረኛው ቤት በር በጠራራ ፀሐይ፣ ነፋስ ሳይኖር፣ ቀስ ብሎ ይከፈታል፤ ሴትየዋ ሄዳ ትዘጋዋለች፤ ዞር ስትል ደግሞ ይከፈታል። ለምዳዋለች፤ «ግባ፣ ግባ» ትለዋለች። የኮረብታው ገንዳ ጠባቂ ደግሞ ውኃው አልበቃ ብሎኛል፣ ቱቦዎችሽ ይጠጣሉ ወይ ብሎ ሊጣላኝ መጣ።

እናትሽም ብትሆን አጥሯን እያስረዘመች ነው። አምና ከኩሽናዬ ሆኜ መስኮቷን ሙሉውን አይ ነበር። ክረምት ሲገባ ግማሹን፤ አሁን ጣራዋን ብቻ ነው የማየው። ግንበኛ ሲገባ አላየሁም፤ ግን ተንኮል የፈለገ ሰው ግንበኛ ያጣል?

ይቅርታ፣ ያልኩትን እርሺው። ሙቅ ልብስ ልበሺ።

አክስትሽ


ኅዳር 29

አክስቴ፤

ወሬሽ ሁሉ ደርሶኛል፤ ለባልደረቦቼ እየተረጎምኩላቸው ሳቅን። የክሩ ወሬ ጋ ስንደርስ ግን የሳቀ የለም።

ስለ ቋጠሮዋ ባለፈው ሳምንት አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ተናገርኩ። ተጨበጨበልኝ። እንዲህ ያሉ ሞዴሎች ረጅም ጊዜ ሲሄዱ እንከናቸው ሁሉ እየሟሸሸ ይጠፋል፤ ይህቺ አንዷ ግን በሺህኛውም ዓመት አለች። ፕሮፌሰሬ «ቆንጆ ናት» አሉ። እኔም ቆንጆ ናት ብዬ ስመለስ መንገድ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

በየቱቦው ላይ እኔ ባልኩትና አንቺ ባነበብሽው መካከል ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ጥቂት ልዩነት አለ። አንድ ሚሊሜትር፣ ሁለት፣ አንዳንዴ ግማሽ። ደግም ነው፤ መሬት ትተነፍሳለች፣ ዓይን ይደክማል። በዘጠነኛው ላይ ግን ለሠላሳ አንድ ወር ልዩነቱ ዜሮ ነው። ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። በዓለም ላይ እንዲህ ያለ ቦታ የለም። ሞዴሉን ሳስኬደው ሌላው ሁሉ ይንጫጫል፤ እዚያ ጋ ሲደርስ ጸጥ ይላል። የሚያዳምጠው ሰው ያገኘ ይመስል።

የምጠይቅሽን በትንሿ ወረቀት ለብቻዋ ጽፌዋለሁ። አንብበሽ ቅደጂያት። ማንም እንዲያያት አልፈልግም፤ በተለይ እማዬ።

ልጅሽ


ጥር 3

የኔ ልጅ፤

ትንሿን ወረቀት አንብቤ ቀድጃታለሁ። ወር ሙሉ ዝም ያልኩሽ ስለዚህ ነው። ሦስት ጊዜ ስልክ ደወልኩልሽ፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ አየሩ አውርተን ዘጋሁት። ወረቀት ይሻላል፤ ወረቀት ፊቴን አያይም።

መልሱ፣ ዘጠነኛውን ቱቦ አላየሁትም ነው። አንዷንም ወር። አንቺ ከሄድሽ ጀምሮ።

ለትምህርት ባሕር ማዶ የመሄጃሽን ቅጽ የሞላሁት እኔ መሆኔን እናትሽ ስትሰማ «ልጄን ከእጄ ነጠቅሽኝ» ብላ በሯን ዘጋችብኝ። ሰው ለጠላቱ እንኳ የማይለውን ዘለፋ ዘለፈችኝ። ዘጠነኛው ችካል ያለው እሷ ግቢ ውስጥ ነው። ያን ወር ቱቦውን ላነብብ ሄጄ አንኳኳሁ፤ ከፈተች፣ አየችኝና መልሳ ዘጋችው። ቢሮ ሄጄ «እህቴ አላስገባ አለችኝ» ልበል? በሳቅ ይገድሉኛል። አሥራ አንዱን ቱቦ አንብቤ፣ ካንቺ ካርታ ጋር አስተያየሁ፤ ሁሉም ልክ ነው። የኔ ልጅ ወረቀት ለአሥራ አንዱ ካልዋሸ ለቀረው ለአንዱ ለምን ይዋሻል ብዬ፣ «አርባ አንድ» ያልሽውን አርባ አንድ ብዬ ጻፍኩ። አንቺ ደግሞ የኔን አርባ አንድ አምነሽ በሚቀጥለው ወር አርባ አንድ ተኩል አልሽኝ። እኔም አርባ አንድ ተኩል። እንዲህ እንዲህ እያልን፣ ሞዴልሽ ሠላሳ አንድ ወር ከራሱ ጋር ሲያወራ ኖረ፤ እኔ መሐል ቆሜ ደብዳቤ አመላልስለት ነበር።

እስቲ ይህን ለማን ይናገሩታል? ቢሆንም ይቅር በዪኝ ለማለት አልተጣደፍኩም፤ መጀመሪያ ሄጄ አየሁት። ትናንት እኩለ ቀን ላይ ነው። አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«ሜትር ነሽ ወይስ እህቴ?»

«ሁለቱም ነኝ።»

«እንግዲያስ ሜትሯ ትግባ፤ እህቴ ውጭ ትጠብቅ።»

ገባሁ። ድሮ ወደ ግቢያችሁ ሲገባ አንድ ደረጃ ይወጣ ነበር፤ ታስታውሻለሽ፣ እዚያ ላይ ጥርስሽን ሰብረሻል። አሁን ወረድኩ። እግሬ መሬት ፈልጎ አጣ። ዞር ብዬ ሳይ መንገዱ ጉልበቴ ጋ ነው። እናትሽ ደግሞ ቁልቁል ከቆመችበት ቀና ብላ እያየችኝ፣

«ቤትሽን ሰማይ አስጠጋሽው አይደል? ፎቅ የምትሠሪው እኔን ቁልቁል ለማየት ነው?» አለችኝ።

«ምን ፎቅ? አንቺ አይደለሽ አጥርሽን እያስረዘምሽ ከዓይኔ የጠፋሽው!»

«አንድ ድንጋይ ጨምሬ ከሆነ ይኸው አናቴ ላይ ይውደቅ።»

«እኔም አንድ ጡብ ጨምሬ ከሆነ።»

መጀመሪያ እሷ ወደ አጥሩ አየች፤ ቀጥሎ እኔ። ስንጠራጠርበት የኖርነው ግንብ፣ ያልተገነባ ግንብ፤ ግቢዋ ነው የወረደው።

ቶሎ ደግሞ ወሬ ቀየረች፣ ጠባይዋን ታውቂው የለ። «ነይ ያምላክን ሥራ እይ» ብላ ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። ምንጭ ፈልቆልኛል አለች። ዱባዎቿ የተቀመጠ ሰው ያካክላሉ። ምንጩን አየሁት። ዘጠነኛው ቱቦ ነው። ስድስት መቶ ሚሊሜትሩን ከታች እስከ አፉ ሞልቶ፣ በአፉ ላይ እየፈሰሰ፤ ድምፅ የለው፣ አረፋ የለው፤ ቁጭ ብሎ የሚያለቅስ ሰው ይመስላል። ሥሩ ያለው ሣር ለምልሟል። ዓመት አልፎታል አለችኝ።

ሁሉንም እዚያው ነገርኳት። እህቴ ውጭ ትጠብቅ ብትልም ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝና ሳሎን ገብታ ካርታሽን አሳየችኝ። «ልጄ ዓለት ላይ ነሽ ትላለች። አንቺ ደግሞ ስዋሽ ነበር ትያለሽ። ማንን ልመን? ዋሽቻለሁ የምትለዋን?» አለች።

ምን ትያታለሽ? ዛሬ ቢሮ ሄጄም ለኃላፊው ነገርኩት፤ «ካርታው ተፈርሞበታል» ብሎ አሰናበተኝ።

ከቱቦው በላይ የፈሰሰ ውኃ ስንት ተብሎ እንደሚጻፍ አላውቅም። አንቺ ታውቂ እንደሆን ብዬ ነው። ፍጠኚ።

አክስትሽ


ጥር 17

አክስቴ፤

ልቆጣሽ ተነሥቼ ነበር። ግን ዜሮው ሲመጣ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ያ የኔ ነው፤ ላንቺ አላካፍልሽም።

ሠላሳ አንዱን ቁጥር አውጥቼ፣ በመጀመሪያዎቹ ቦታ «አይታወቅም»፣ በኋለኞቹ ቦታ «ከስድስት መቶ ይበልጣል» ብዬ ሞዴሉን እንደገና አስነሣሁት። ቋጠሮዋ ወዲያው ተፈታች። በቦታው ዓለት አልነበረም፤ ሞዴሌ የገዛ ፊቱን የሚያይበት መስታወት ነበር።

ከዚያ ግን ሺህ ዓመት ይሄድ የነበረው ሞዴል የካቲትን አላልፍ አለ። አሥር ጊዜ ሞከርኩት። የካቲት ስምንት ወይም ዘጠኝ ጋ ሲደርስ በዘጠነኛው ቦታ ያለው ቁጥር ማደግ ይጀምራል፤ ያድጋል፣ ያድጋል፣ ከዚያ ኮምፒውተሩ የሚጽፈው ያጣል። ዝቅ ይላል አይደለም የሚለኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ለቦታው ቁጥር የለውም።

እማዬ ጋ ደወልኩ። «በስልክ ማንም ያንቺን ድምፅ ሊያወጣ ይችላል፤ አክስትሽ ድሮም ሰው ታስመስላለች፤ ጻፊልኝ» ብላ ዘጋችብኝ። ስለዚህ ጽፌያለሁ። እዚሁ ፖስታ ውስጥ የታሸገው የሷ ነው። አትክፈቺው። ዛሬውኑ እጇ ላይ አድርጊልኝ፤ ካልከፈተች በአጥር ላይ ወርውሪው፤ አጥሩ እንደሆነ አልረዘመም።

ልጅሽ


የካቲት 2

ጮሌዬ፤

አድርሻለሁ። ይቺን ፖስታ ቤት ቆሜ ነው የምጽፍልሽ፤ ልጅቷ ልትዘጋ ነው።

ምን ብለሽ እንደጻፍሽላት አልጠየቅኩም። መነጽሯን አድርጋ ቆማ አነበበችው፤ ተቀምጣ አነበበችው፤ ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄዳ አነበበችው። «ተሳስቻለሁ ትላለች» አለችኝ። «አዎ፣ እትዬ።» «ተወልዳ እስካሁን ተሳሳትኩ ብላ አታውቅም። በአምስት ዓመቷ ድስቱን ሰብራ ድስቱ ነው ያጠፋው ብላለች።» «አዎ፣ እትዬ።» ካርታሽን ከግድግዳ አውርዳ ፊቱን ወደ ውስጥ አዙራ አቆመችው።

እንሂድ ስላት ግን «ዱባው ሳምንት ይቀረዋል» አለች።

አልሳቅኩም። በሕይወቴ እንዲህ ያልሳቅኩበት ቀን የለም። የምታውቂው ጸሎት ካለ ጸልዪ፤ ዛሬም እዚያው ናት፤ እኔም ከሷ ጋር ላድር እየሄድኩ ነው።

አክስትሽ


የካቲት 19

የእህቴ ልጅ፣ ጤናሽ እንዴት ነው?

ቴሌግራሜ ደርሶሽ «ሁለታችንም አለን» የሚለውን አንብበሻል፤ ስለዚህ ተረጋግተሽ አንብቢ። ቤቱ ሲሰምጥ ስለነበረው ድምፅ ግን አትጠይቂኝ። ጫማ ሰፊው «ድምፅ አልነበረውም» ይላል፤ እኔ ደግሞ ሰምቻለሁ፤ ሰው ትልቅ ጉርሻ ሲውጥ የሚሰማው ዓይነት ነው። ከዚህ በላይ አልጽፈውም። ዓርብ፣ አንቺ ባልሽው የካቲት ዘጠኝ፣ እኩለ ቀን ላይ ነበር፤ የተጎዳ የለም። አሁን እዚያ ቦታ ክብ ውኃ አለ። ጥርት ያለ ነው፤ ሰማዩ ይታይበታል። ወፍ አይጠጣበትም።

እናትሽን በምን አስወጣሻት ላልሽኝ፣ በኔ ብልሃት አይደለም። ስድስት ቀን አብሬያት ሰነበትኩ። ሐሙስ ጠዋት ልጠራት ብነሣ በሩ ላይ ቆማ አገኘኋት፤ ሻንጣ በእጇ፣ ደብዳቤሽ በጉያዋ። «አንቺ በጠየቅሽኝ ቁጥር እምቢ እል ነበር፤ ዛሬ አልጠየቅሽኝም፣ እንሂድ» አለች። እንዲህ ያለች ሴት አይተሽ ታውቂያለሽ? ዱባውን ጥላው ወጣች።

አሁን ወንዙ ማዶ አንድ ክፍል ውስጥ ነን፤ ሁለት አልጋ፣ አንድ መስኮት። በመስኮቱ እንጣላለን፤ እሷ ይዘጋ ትላለች፣ እኔ ይከፈት። ደስታዬ ወሰን የለውም፤ ሦስት ዓመት የተጠራቀመ ወሬ ነበረኝ፤ አንዱንም አላስቀረሁላት። አንዳንዴ ግን ወሬ መሐል እግሯን ወለሉ ላይ ጫን ታደርጋለች፣ ጥንካሬውን እንደሚሞክር ሰው። እኔም አደርጋለሁ። አንነጋገርበትም።

እንግዲህ የጥር መዝገብ ለምን ዘገየ ላልሽኝ። ሰኞ ሞልቼ ኃላፊው ጋ ማህተም ላስደርግ ሄድኩ፤ ብቻዬን አትሄጂም ብላ እናትሽም ተከተለችኝ። አሥራ አንዱን ዘግይቼ አሁን አንብቤ ጽፌ ዘጠነኛውን ባዶ ትቼዋለሁ። ኃላፊው ጣቱን ባዶው ላይ አድርጎ፣

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«ችካሉ የለም፤ ቱቦው የለም፤ ግቢው የለም» አልኩት።

«ባዶ ሳጥን ያለበት መዝገብ አላትምም። የልጅቷ ካርታ ላይ ለወሩ የተገመተ ቁጥር የለም እንዴ? እሱን ሙዪና እንገላገል።»

ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ሻዩ እየቀዘቀዘበት ነው። እኔም ያን ጊዜ ክፉ አልነበርኩም፤ በር ተዘግቶብኝ ነበር እንጂ። እስክሪብቶውን ይዤ ስቆም እናትሽ ከእጄ ወሰደችው። ጎንበስ ብላ፣ በዚያ በሚንጋደደው ጽሕፈቷ፣ ሳጥኑ ውስጥ «እዚህ እኖር ነበር» ብላ ጻፈች። አልበቃትም፤ ከሳጥኑ ወጥታ ስምንተኛውም ላይ ሄደች።

«ወይዘሮ፣ ይሄ ቁጥር አይደለም» አላት።

«አይደለም» አለችው። «ቁጥሩማ ሊውጠኝ ነበር።»

ማህተሙን ከለከለን። ያለ ማህተም ይኸው ልኬልሻለሁ፤ ኮምፒውተርሽ እንዴት እንደሚያነብበው አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ከዘጠነኛው ችካል፣ በቦታው በነበረ ሰው እጅ ተጽፎ የደረሰሽ የመጀመሪያው ንባብ ይህ ነው።

አክስትሽ